የምታስነብበዋ ልጄ

ልጄ ማንበብ አትችልም። ይህን ሳላውቅ ሦስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ደርሳ ነበር። ያላወቅኩት ስላልተከታተልኳት አይደለም። በየቀኑ ስታነብ እሰማት ስለነበር ነው።

ዲላ ውስጥ የቡና መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ከግቢያችን ቀጥሎ ትምህርት ቤት አለ፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ከኮንጋና ከኢዲዶ ቡና ጭኖ የመጣ መኪና ሲኖር በር እከፍታለሁ፣ ታርጋ አነባለሁ፣ የመውጫ ወረቀት አያለሁ። መኪና ከሌለ በርጩማዬን አጥሩ ሥር አስጠግቼ ትምህርት ቤቱን አዳምጣለሁ። እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ፣ መዝሙር ሲዘመር፣ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያነቡ እሰማለሁ። አንድ ልጅ ቀድሞ ይላል፣ ክፍሉ ተከትሎ ይጮኻል። ከሦስተኛ ክፍል ቀድማ የምትለው የእኔዋ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን አይሰበርም። ጭነት አራግፈው የሚያርፉትን ወዛደሮች "ዝም በሉ እስቲ፣ ልጄ እያስነበበች ነው" እላቸው ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን እዚያው ቆርቆሮው ላይ ምስማር ምታበትና ተገላገል" ይለኛል አንዱ። ይስቃሉ። ይሳቁ እል ነበር። ያኔ የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ኃላፊው "ማንበብ ብትችል በር ላይ አቆምህ ነበር" አለኝ፤ ወገቤም እየከዳኝ ስለነበር ቀበሌው ለጎልማሶች የከፈተው ትምህርት ገባሁ። እሑድ ከሰዓት፣ ዋንዛ ዛፍ ሥር ነበር የምንማረው። ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ የምታስተምረን ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። "ለ"ን ከ"በ" መለየት አቃተኝ፤ ሁለቱም ሁለት እግር ናቸው። አንድ ሙሉ ከሰዓት በዚያ ብቻ አለቀ። ሴትዮዋ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጣቴን ይዛ፣ "ይኼኛው ጣራው ጠፍጣፋ ነው፣ የከተማ ቤት በለው። ይኼኛው ሾል ያለ ነው፣ ጎጆ ነው" አለችኝ። እንደገና ሳትኩ፤ እንደገና አለችኝ። ማንም ቸርኬ አልመታብኝም። ተራህ አለቀ፣ ሂድ ያለኝም የለም። ማንበብ የቻልኩት ጭንቅላቴ ስለተለየ አይደለም። ጊዜ ስለተሰጠኝ ነው።

የልጄ መጽሐፍ ግን በጌዴኡፋ ነው፤ በቤታችን ቋንቋ። ቋንቋው የእኔ ነው፣ የተጻፈበት ፊደል ግን ላቲን ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው የአማርኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፏን ይዛ ስታነብልኝ የምትለው ሁሉ ይገባኛል፤ ገጹ ላይ ያለው ለእኔ ጭረት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በእኛ ቤት ብቻ ይመስለኛል፤ የሚሰማው አባት ፊደሉን አያውቅ፣ የምታየው ልጅ ማንበብ አትችል።

ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ እናቷ ቆጮ ታገላብጣለች። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ አንዲት ፍየል አነበበችልኝ። ፍየሏ የጎረቤት እንሰት ጥሳ ትገባለች፣ ባለቤቱ ዱላ ይዞ ሲመጣ የተኛች ትመስላለች። ሳቅን። ሳቄን ሳልጨርስ ገጹን አየሁት። ስዕሉ ላይ ፍየል የለም። አንዲት ሴት እንስራ ተሸክማ ከምንጭ ትመለሳለች።

"ፍየሏ የታለች?" አልኳት።

"የት?"

"ስዕሉ ላይ።"

ወደኋላ ገለጠች፣ ወደፊት ገለጠች፣ ፍየሏን አገኘቻት። "ይኸውና!"

"ታዲያ ስታነቢልኝ የነበረው የሴትዮዋን ገጽ ነው?"

መጽሐፉን ልትከድን ስትል ያዝኩት። አንዲት ቃል ላይ ጣቴን አሳረፍኩና "እስቲ ይህቺን በይልኝ" አልኳት። የፍየሏን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረች። "አይደለም፣ ይህቺን ብቻ።" እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። መዝሙር ከመሃሉ ጀምር እንደተባለ ሰው ሆነች፤ ከመጀመሪያው ካልተነሣች አትደርስበትም።

"ምነው ልጅቷን እንደ ሌባ ትመረምራታለህ?" አለች እናቷ ከምድጃው።

"ማንበብ አትችልም።"

"አንተ ራስህ የማታነበውን መጽሐፍ እሷ አላነበበችውም ትላለህ? ደግሞ ዳኛ!"

ልጄ ግን እናቷን አልተጠጋችም። ክንዴን ያዘችና "አባ፣ ለቲቸር አትንገርብኝ" አለችኝ። "ካወቀ ያስቀምጠኛል።"

ክፍሉ ፊት ቆሜ ማስነበቤን ያስቀርብኛል ማለቷ ነው። ለእሷ ትምህርት ማለት እሱ ነበር።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ጆሮዬ ተቀየረ። በፊት ጩኸት ስሰማ እየተማሩ ነው እል ነበር። አሁን ትምህርቱ የቱ ጋ እንዳለ መፈለግ ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው፤ ግማሹ ልጅ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት፣ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። እንግዲህ የልጄ የትምህርት ቀን የሚባለው ከመነሻው ግማሽ ቀን ነው። በዚያ ላይ ሰልፍ አለ፣ ባንዲራ አለ፣ መዝሙር አለ። ያረፈዱት ተንበርክከው ይገሠጻሉ። ከዚያ ጽዳት፤ ክፍሉ ሲጠረግ አቧራው በአጥሩ ላይ አልፎ እኔ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ስም ጥሪ። "አቤት"፣ "አቤት"፣ "አቤት" እየተባለ እኔ መኪና አስገብቼ፣ ታርጋ መዝግቤ፣ ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጭቄ ስመለስ አሁንም "አቤት" ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ በቃ። ጣራው ኮርኒስ የለውም፤ የዲላ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከጎኑ የሚያወራውን አይሰማም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የልጄ ደብተር ሙሉ ነው፤ ጽሕፈቷም ያምራል። አበባ እንደምትስለው አድርጋ ነው ፊደሉን የምትስለው። ቡና ሲቀላ ግማሹ ክፍል ለቀማ ይሄዳል። መምህሩ የቀሩት ሲመለሱ አብሬ አስተምራለሁ ብሎ ይጠብቃል፤ ሲመለሱ ጊዜ የለም ብሎ ያልፈዋል። የመምህራን ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ልጆቹ ገና ሳይሞቃቸው "ሂዱ" ይባላሉ፤ በአጥራችን ሥር እየዘለሉ ያልፋሉ። ይዘላሉ እንጂ! እነሱ ምን ያውቃሉ።

ልጄ አትንገርብኝ ብላኛለች። ነገርኩባት።

መምህሩ ወጣት ነው፤ የሸሚዙ እጅ በጠመኔ ነጥቷል። የጠዋቱ ፈረቃ ሊለቀቅ ሲል በሩ ላይ ያዝኩት። የማን አባት እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ።

"የእሷ? እሷ እኮ ቀኝ እጄ ናት፣ ጋሼ! እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?"

"ማንበብ አትችልም።"

"ይቀልዳሉ።"

"ቀልድ አላውቅም፣ መምህር።"

"የምታስነብበው እሷ ናት እኮ። እኔ አንዴ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ እሷ ፊት ወጥታ ታስነብባለች፣ እኔ በዚያ መሃል ደብተር አርማለሁ። እንደዚያ ካላደረግኩ የዚህን ሁሉ ልጅ ደብተር መቼ ላርም? ክፍለ ጊዜው እኮ ስም ጠርቼ ስጨርስ ነው የሚያልቀው።"

"አንዴ ታነባለህ፣ እሷ አንዴ ሰምታ ትይዛለች። ያለው ነገር ያ ብቻ ነው።"

አላመነኝም። ጠራት። ልጄ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ መጣች፤ እኔን ስታየኝ እርምጃዋ ቀነሰ። የከሰዓቶቹ ልጆች በሩ ላይ ተጨናንቀው ይገፋፋሉ። መምህሩ መጽሐፉን መሃሉ ላይ ገለጠና የጠመኔውን ጫፍ አንዲት ቃል ሥር አደረገ። "ይህቺን።"

ልጄ ቃሏን አላየችም። እኔን አየችኝ። ልጅ አባቱን እንዲህ ያያል ብዬ አላውቅም ነበር።

መምህሩን አልወቅሰውም፤ ጠበቃት። በርከክ አለና "ቀስ በይ" አላት። "የመጀመሪያዋ ፊደል ማናት? እሷን ብቻ።" ልጄ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ የሆነ ድምፅ ልታወጣ ነበር። ቸርኬው ተመታ። የከሰዓቶቹ በሩን ጥሰው በመካከላችን ፈሰሱ፤ አንዱ በክርኑ መጽሐፉን አስጣለው። ሌላው ሊረግጠው ሲል መምህሩ አነሣው፣ አቧራውን አራገፈ። ሰዓቱን አየ።

"ነገ እናየዋለን" አለኝ። "ጋሼ፣ ይሙቱ፣ ነገ።"

ያቺ ልታወጣት የነበረች ድምፅ ትክክል ትሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ ትክክል ነበረች እላለሁ።

በማግስቱ አጥሩ ሥር ስቀመጥ የሚያስነብበው ሌላ ልጅ ነበር። ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ልጅ። የእኔዋን በመንጋው ድምፅ ውስጥ ፈለግኳት፣ አጣኋት። ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። "አስቀመጠኝ።" ከዚያ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። መምህሩ ቃሉን ጠብቆ በየቀኑ ሊያያት ሞክሯል፤ ግን መቼ? እሷን ሲያይ ሌሎቹ ይንጫጫሉ፣ ሌሎቹን ሲይዝ ቸርኬው ይመታል።

በዚያው ሰሞን ወላጅ ለስብሰባ ተጠራ። ጠዋት ነው። ልጆቹ አይማሩም፣ ወደ ቤት ተልከዋል፤ ክፍሎቹ ለስብሰባው ተፈልገው። የልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታችንን አገጫችን ሥር አድርገን ተቀመጥን። ርእሰ መምህሯ ተነሥተው የዕለቱን አጀንዳ ነገሩን፤ "የመማር ማስተማር ጊዜ ብክነትን ስለመቀነስ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ዞር ዞር ብለው አዩኝ።

"አስተያየት አለዎት?" አሉኝ ርእሰ መምህሯ።

ተነሣሁ። "ልጆቻችን የት ናቸው?" አልኩ።

"ለስብሰባው ስንል ዛሬ…"

"በቃ፣ አስተያየቴ ይኼው ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። አንዳንዱ አጨበጨበ። የጭብጨባው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ አጨብጭበው ስብሰባውን እስከ እኩለ ቀን ቀጠሉበት።

ከጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ሰው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ወንድሜ፣ አትድከም። እኔ ለልጆቼ አስጠኚ ይዤላቸዋለሁ፤ ቤት መጥቶ ያስተምራቸዋል። እዚህ የምልካቸው ሰው እንዳይወቅሰኝ ነው።" ክፋት የለውም፣ ሊመክረኝ ነው። "አንተም አንድ ሰው ፈልግ" አለኝ።

ፈለግኩ። ያገኘሁት ራሴን ነው። ከስብሰባው ስንወጣ መምህሩን አስቁሜ "ፊደሉን አስተምረኝ" አልኩት። የእረፍት ቸርኬ ሲመታ አጥሩ ጋ ይመጣል፤ በቆርቆሮው ክፍተት ወረቀት ያቀብለኛል፣ ድምፁን ይነግረኛል። ወዛደሮቹ "ደግሞ አሁን ፈረንጅ ልትሆን ነው?" ይሉኛል። እኔ የያዝኩትን ቤት ወስጄ ለልጄ አስተምራለሁ።

መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ከዚያ የእኔን ስሕተት ስታይ ቀስ በቀስ ተጠጋች። ሁለት ፊደሎች አሉ፣ ሁለቱም አንድ እንጨትና አንድ ሆድ ናቸው፤ አንዱ ሆዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የነፋ። ደጋግሜ አምታታኋቸው።

"አንተም እኮ አታውቀውም!" አለችና መምህሩ ካስቀመጣት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችብኝ።

"አላውቀውም። አንቺስ?"

"እኔም።"

"እንግዲያው ማንም አያስቀምጠንም። ቁጭ ብለናል።"

እንዲህ እያልን፣ ወደ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ አንድ ቀን ጣቷን ፊደል በፊደል እየጎተተች "ፍየል" የሚለውን ቃል በቋንቋችን አወጣችው። ከመዝሙሩ አልነበረም፣ ከፊደሉ ነው። ማወቂያው ድምፅዋ ነው፤ ያ የማይሰበር ድምፅዋ ተሰባበረ፣ ተንተባተበ፣ ደከመ። በሕይወቴ ከሰማሁት ንባብ ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ቃሉን ጨርሳ ቀና ስትል አልቧት ነበር።

አንዲት ቃል። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ያላት አንዲት ቃል ነው።

ካርድ ተሰጠ። ካርዱ የተጻፈው በአማርኛ ስለሆነ ራሴ አነበብኩት። "ወደ አራተኛ ክፍል ተዛውራለች" ይላል። ተዛውራለች። ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ የመጋዘን ቃል ነው። ጆንያ ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላ ሲሄድ ተዛወረ እንላለን። ሲዛወር ተፈትቶ አይታይም። ውስጡ ቡና ይኑር ገለባ፣ ከላይ ተሰፍቶ ከሆነ ይዛወራል።

ካርዱን ይዤ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ።

"ያስደግሙልኝ" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"ልጄን። ሦስተኛ ክፍልን ትድገም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰው ሁሉ ልጄን ለምን ጣላችሁብኝ ብሎ ነው እዚህ የሚመጣው። እርስዎ ለምን አለፈች ብለው መጡ?"

"አላለፈችም፣ ተዛወረች። ማንበብ አትችልም። አሁን ገና ጀምራለች፤ አንድ ዓመት ይስጡኝ።"

"ይህቺ ያቺ የምታስነብበዋ ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"እሷን ላስደግም? መምህራኑ ምን ይሉኛል?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ስሙኝ፣ አባት። ከታች የሚመጡት ብዙ ናቸው። የእሷን ቦታ የሚይዝ ልጅ አሁኑኑ አለ። አንድ ቀን ለሁለት ከፍዬ ነው የማስተምረው፤ ከየት አምጥቼ ልጨምርልዎት? ቀን የምሰፋ ሰው አደረጉኝ እንዴ?"

እኔ ደግሞ ማንን ልቆጣ ሄጄ እንደነበር ጠፋኝ። እኚህን ሴት? ያን የሸሚዙ እጅ የነጣ ልጅ? አመስግኜ ወጣሁ። ያመሰገንኩበት ምክንያት አይገባኝም።

ክረምቱን ልጄን እናቷ ኮንጋ አክስቷ ጋ ላከቻት። "ዓመቱን ሙሉ ስታስጨንቃት ከረምክ፣ እስቲ ትረፍ" አለችኝ። ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። ስትመለስ እንደከተትኳቸው ነበሩ። ልጄ ወፍራ፣ ስቃ መጣች፤ ሆዱን ወደ ቀኝ የነፋው ፊደል የትኛው እንደሆነ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። "ፍየል"ን አሳየኋት። የፍየሏን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረች።

መስከረም ላይ መምህሩን ፈለግኩት። የለም። እሱም ወደ ይርጋጨፌ ተዛውሯል አሉኝ። አራተኛ ክፍልን የያዘችው ሌላ መምህርት ናት፤ ልጄን አታውቃትም፣ እኔንም አታውቀኝም።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጠዋት አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ሰልፉ አለቀ። ጽዳቱ አለቀ። "አቤት"፣ "አቤት" አለቀ። መምህርቷ አንድ ጊዜ ስታነብ ሰማኋት፤ ስለ ተጣሉ ወንድማማቾች። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ ሆነ፣ አግዳሚ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ልጅ ወደ ፊት ወጣ። ቀጭኑ ድምፅ መጣ። አልተሰበረም። ክፍሉ ተከተለው።

ተነሣሁ። የመጋዘኑን በር አልፌ፣ ዞሬ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መድረስ ቅርብ ነው። ለመምህርቷ አንድ ቃል ብናገር ይበቃል። ከዚያስ? ያስቀምጧታል። ትቀመጣለች፣ ድምፅዋም ይጠፋል፤ በዚያ ፈንታ የሚሰጣት ጊዜ ደግሞ የለም። ባልናገር ደግሞ እንዲሁ እየጮኸች አምስተኛ ትዛወራለች፣ ስድስተኛ ትዛወራለች፣ አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ፊቷ ይቀመጣል፤ ወረቀት ደግሞ ቀድሞ የሚያነብለት ሰው የለውም።

ከኋላዬ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሹፌሩ "ኧረ በሩን፣ ሽማግሌው! እዚህ ልንከርም ነው?" ይላል። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ እግሬ ግን አልነቃነቅ አለ። ማዶ ልጄ ታስነብባለች፤ ወንድማማቾቹ ገና አልታረቁም። ቸርኬው ተመታ። ክፍሉ እንዳለ ዝም አለ። የእሷ ድምፅ ብቻውን አንድ ቃል ጨመረና ቆመ።

በሩን ከፈትኩለት።